የሚስተር ሊያንግ አምስት ጠረጴዛዎች

ሚስተር ሊያንግ ሞቱ። ልጃቸው ሜይ ስትደውልልኝ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ገዝቼ እየወጣሁ ነበር። "ባባ ዛሬ ጠዋት አረፈ" አለችኝ። "ተኝቶ ነው። ማንንም ሳያስቸግር።" እንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣ። ያሳቀኝ "ማንንም ሳያስቸግር" ያለችው ነው። እኚህ ሰው ሳይደውሉ ሰው ቤት መሄድን እንደ ሌብነት የሚቆጥሩ ነበሩ። በር ለበር እየኖርን፣ ሦስት ብርቱካን ሊሰጡኝ እንኳ ቀድመው ስልክ ይደውላሉ። "ሚስ ሰናይት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በርሽን ባንኳኳ ይከብድሽ ይሆን?" ሞት ግን ሳይደውል መጣባቸው። ይህን ብልግና ይቅር የሚሉት አይመስለኝም።

ክሬሰንት ታውን ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ብዙ ዓመት ጎረቤታሞች ነበርን። አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ፀጉራቸውን በውሃ ወደ ኋላ የሚያስተኙ ሰው ነበሩ። ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ ከረባት ያስራሉ። መጀመሪያ ያየኋቸው ሰሞን የሆነ ባለሥልጣን መስለውኝ ነበር። ኋላ ስሰማ ቻይና፣ ጓንዡ ሳሉ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ መጥተው የሶፋ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። "ለቆሻሻ ከረባት ምን ያደርጋል?" ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። "ለቆሻሻው አይደለም" አሉኝ። "ኮሪደር ላይ ለሚያገኘኝ ሰው ነው።"

የተዋወቅነው ኤሌቬተር በር ላይ ነው። በሩ ሲከፈት እኔ "ይቅደሙ" አልኩ። እሳቸው በሁለት እጃቸው መንገዱን እያሳዩ "አንቺ ቅደሚ" አሉ። አሳዳጊ እንዳላሳደጋት ሴት አባቴን የሚያህል ሰው ቀድሜ ልግባ? "ኧረ በፍጹም" አልኩ። "በፍጹም" አሉ እሳቸውም። ኤሌቬተሩ ትዕግሥቱ አለቀና ዘግቶ ሄደ። ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ ጥሎን ሄደ። በሦስተኛው ውስጥ የነበረ አንድ ጎረምሳ "ትገባላችሁ ወይስ እዚሁ ልታድሩ ነው?" ብሎ ሲጮህብን ሁለታችንም ደንግጠን በአንድ ጊዜ ገባንና ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን። ወዳጅነታችን የጀመረው ከዚያ ነው።

የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ካላልኳቸው ምላሴ አይታዘዘኝም። ስለዚህ እዚህም በልቤ እንደተባለው ነው የምጽፈው።

ለገና ድፎ ዳቦ ቆርሼ በሳህን ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሳህኔ የሰሊጥ ብስኩት ተደርድሮበት ተመለሰ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም የሚለው ሕግ የኛ ብቻ እየመሰለኝ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ እንደ መበለጥ ቆጠርኩት። ሳምንት ሳይሞላ ሳምቡሳ ላክሁ። ሳህኑ የዱባ ኬክ ይዞ መጣ። ኬኩን በጥብስ መለስኩ። ጥብሱ ከነአንገቱ የተጠበሰ ዳክዬ ሆኖ ሲመጣ ባሌ ጌታሁን ዳክዬውን ዓይን ዓይኑን እያየ "እንግዲህ የቀረን በግ ነው፤ ወይ ቤት እንቀይር" አለ። ማቆም አይቻልም፤ ቀድሞ ያቆመ ተሸነፈ ማለት ነው። ያቺ ሳህን በሁለታችን በር መሐል ስትመላለስ ጠርዟ ተሸራርፎ አለቀ።

ጌታሁን የሚስተር ሊያንግ ነገር ቶሎ አይገባውም ነበር። አንድ ቀን "ልጅዎ ጎበዝ ናት አሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፤ እንኳን ደስ አለዎት" አላቸው። ሚስተር ሊያንግ እጃቸውን እያወናጨፉ "ኧረ ሰነፍ ናት፤ ምንም አትችል" አሉ። በሳቸው ቤት የልጅ ሙገሳ እንደዚህ ነው የሚመለሰው፤ ቀጥሎ የሚጠበቀው ደግሞ "ኧረ እንዴት ተብሎ" እየተባለ ሙገሳውን በእጥፍ መጨመር ነው። ባሌ ግን የምር አዘነ። "አይዞዎት፤ ገና ልጅ ናት፤ ትሻሻል ይሆናል" አላቸው። ሚስተር ሊያንግ "አመሰግናለሁ" ብለው ገቡ። እኔ ያን ዕለት ማታ የሌሊት ልብሴን እንደለበስኩ በራቸው ላይ ቆሜ ስለ ሜይ ጉብዝና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለፈልፍ አመሸሁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቃቸው "ፊት ነው" አሉኝ። "ፊት የሰው የራሱ ንብረት አይደለም፤ ጎረቤት ዘንድ የተቀመጠ አደራ ነው። ያንቺ እኔ ጋ ነው ያለው፤ የኔም አንቺ ጋ ነው። አንቺ ከጣልሽብኝ እኔ መስታወት ፊት ብቆም የማየው ነገር የለም።"

ይህን ነገር ለእትዬ ወይንሸት ነገርኳቸው። እትዬ ወይንሸት የቸርቻችን የእህቶች ጸሎት መሪ ናቸው፤ ሰው ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ሲሞት ሁሉን የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። የሚኖሩትም እዚያው ክሬሰንት ታውን፣ ከኛ ቀጥሎ ያለው ሕንፃ ላይ ነው። ሰምተው ሳይጨርሱ "ይሉኝታ ነዋ!" አሉ። "ቻይናዎቹ ደግሞ ከየት ወሰዱብን?" እኔ ግን ትንሽ ልዩነት አይቼበታለሁ። የኔ ይሉኝታ ስለ ራሴ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የምሸማቀቀው። ሚስተር ሊያንግ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ሌላው ሰው እንዳይዋረድ ነበር።

ለምሳሌ የመንጃ ፈቃድ ፈተናዬን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ጊዜ የወደቅሁ ዕለት ኤሌቬተሩ ሰው ጢም ብሎበት ሳለ አንዲት የባንግላዴሽ ጎረቤታችን "ሰናይት፣ ፈተናው እንዴት ሆነ? አለፍሽ?" አለችኝ። ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሚስተር ሊያንግ "ፈታኙን አመመው፤ መሐል ላይ ተቋረጠ" አሉ። አነጋገራቸው በጣም ከማስተማመኑ የተነሳ እኔ ራሴ "ምስኪን፣ ተሻለው ይሆን?" ልል ምንም አልቀረኝም።

በሦስተኛው ሳልፍ ደግሞ የመጀመሪያው ተሳፋሪዬ እሳቸው ሆኑ። ከረባታቸውን አስረው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መስኮቱን እስከ ታች አወረዱና ሕንፃውን እንድዞር አዘዙኝ። ዞርኩ። "አሁን ደግሞ በመጫወቻ ሜዳው በኩል፤ እዚያ ሰው ይበዛል" አሉ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ እሳቸው እንደ ንጉሥ ራሳቸውን ዘንበል እያደረጉ ሰላምታ ይሰጡልኛል። ስንወርድ "እንዴት ነው አነዳዴ?" አልኳቸው። "በጣም የተረጋጋ ነው" አሉኝ፤ እግራቸው ግን አስፋልቱን ሲረግጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው እንግዲህ አንድ ቀን በራሳቸው አፍ ራሳቸውን ጉድ የሠሩት።

ሜይ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ የሞተችው ቶሮንቶ በገቡ ሰሞን ስለሆነ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ፀጉሯን ሳይቀር እሳቸው ነበሩ የሚጎነጉኑላት። ልታገባ የታጨችው ከቶሮንቶ ወጣ ብላ ባለችው ማርካም ለሚኖር ትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አያት፣ አጎት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ ተቆጥሮ አያልቅም። ሁለቱ ወገኖች ሊተዋወቁ ምሳ በተቀመጡበት፣ ሁሉም ባለበት፣ የሙሽራው አጎት "ለሴቷ ወገን ስንት ጠረጴዛ ይያዝ?" ብለው ጠየቁ። በሠርጋቸው አንድ ጠረጴዛ አሥር ሰው ነው። የሚስተር ሊያንግ ዘመድ በሙሉ ጓንዡ ነው ያለው፤ እዚህ ያሉት የድሮ የፋብሪካ ጓደኞቻቸው ከነሚስቶቻቸው ቢሰበሰቡ አንዷን ጠረጴዛ ቢሞሉ ነው። ሚስተር ሊያንግ ሻያቸውን ፉት አሉና "አምስት" አሉ።

ይህን ያወቅሁት ስልክ ደውለው፣ አምስት ደቂቃቸውን ጠብቀው፣ ብርቱካን ይዘው የመጡ ዕለት ነው። ተቀመጡና ስለ ብርዱ አወሩ። መጋረጃዬን አደነቁ። የሕንፃው ቧንቧ ስለሚያሰማው ድምፅ አወሩ። ከዚያ ተነሱ፤ ጫማቸውን አደረጉ፤ እጃቸው የበሩን እጀታ እንደያዘ "የቸርቻችሁ ሰዎች ዓሣ ይወዳሉ?" አሉኝ።

ይህ ስለ ዓሣ የተጠየቀ ጥያቄ እንዳልሆነ ለመረዳት የሳቸው ጎረቤት ሆኖ ዓመታት መኖር ያስፈልጋል።

"ስንት ሰው ነው ዓሣ መውደድ ያለበት?" አልኳቸው።

"ወደ አርባ" አሉ፤ ጫማ ጫማቸውን እያዩ።

መልሼ አስቀመጥኳቸውና ሁሉን አወጣጣኋቸው። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ የሚቀጥለውን ሲናገሩ ግን ጠፋብኝ። "ለኔ ቢሆን ግድ የለኝም" አሉ። "እኔ አርጅቻለሁ። ነገር ግን እነዚያ ጠረጴዛዎች ባዷቸውን ከቆሙ ሜይ ሰው የሌላት ሆና ነው እነዚያ ሰዎች ቤት የምትገባው። ሰው ያላትን ምራት ቀስ ብለው ነው የሚናገሯት። ሰው የሌላትን ማንም ተነስቶ ይጮህባታል።" የኛም አገር ሴቶች ይህን ያውቁታል። "ዓሣ እንወዳለን" አልኳቸው።

እሑድ ከፕሮግራም በኋላ እትዬ ወይንሸት ሰዉን ይዘው ቆሙ። "ወገን የሌላት ሙሽራ አለች፤ ወገን እንሆናታለን" አሉ፤ በዚሁ ጨረሱ። አንድ ኮምፒውተር የሚሠራ ወጣት ብቻ እጁን አነሳ። "እትዬ፣ ግን ይሄ ፌክ አይሆንም? ዘመድ ነን ብለን ፕሪቴንድ ልናደርግ ነው እኮ።"

"ማን ዋሽ አለህ?" አሉት። "ሂድና ብላ ነው የተባልከው። መብላት ውሸት ከሆነማ ካንተ የባሰ ውሸታም የለንም።"

ሚስተር ሊያንግ በበኩላቸው ለነገሩ ዝግጅት አደረጉ። የሕንፃችንን ፓርቲ ሩም ተከራይተው አርባችንንም እንደ ተማሪ ደርድረው አስተማሩን። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት ነውር ነው። ዓሣ አንዱ ጎን ሲያልቅ አይገለበጥም። ዕቃ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። ብርጭቆ ሲያጋጩ የታላቅን ሰው ብርጭቆ ከላይ ትቶ የራስን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህ አክብሮት ነው። እትዬ ወይንሸት ይህችን ወደዷትና ከኔ ጋር በጁስ ደጋግመው ተለማመዱ። በጣም የከበደን ምግብ ሲቀርብልን እንቢ አለማለት ነው። ሐበሻ ካልተለመነ እንደማይበላ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። "እነሱም ይለምናሉ" አሉኝ ሚስተር ሊያንግ ጭንቅ ብሏቸው። "እናንተ እንቢ ካላችሁ እነሱ መለመናቸውን አያቆሙም፤ እናንተም እንቢታችሁን አታቆሙም፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል።"

ስለ ልብስ ማንም ምንም አላነሳም። ሰው ነጭ ለብሶ ሠርግ ይሄዳል ብለው እሳቸው አላሰቡም። ሰው ነጭ ሳይለብስ ሠርግ ይሄዳል ብለን እኛ አላሰብንም።

የሠርጉ ዕለት በቸርቹ ቫኖች ማርካም ደረስን። ሰዓት አክብሩ ተብለን አንድ ሰዓት አርፍደናል፤ ደግነቱ ቻይናዎቹም ለካ እንደኛው ኖረዋል፣ ገና እየገቡ ነበር። ኖቬምበር ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ስለዚህ ከቫን ስንወርድ ሴቶቹ ሁላችንም ነጠላችንን ራሳችን ላይ አድርገን ተከናነብን። ወንዶቹም ነጭ በነጭ ሆነው ጋቢያቸውን ደርበዋል። እትዬ ወይንሸትን አስቀድመን በሩን ከፈትን።

አዳራሹ ቀይ ነው። ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ የጠረጴዛው ልብስ፣ የሜይ ቀሚስ ሳይቀር ቀይ። በዚያ ሁሉ መሐል አርባ ሰው ከራሳችን እስከ እግራችን ነጭ ሆነን ገባን። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጫጫታው ጸጥ ማለቱን ነው። ለክብራችን መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ቀና ብዬም ተራመድኩ።

ሜይ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣችና በጆሮዬ "ሰናይት፣ ነጭ በኛ የለቅሶ ነው" አለችኝ። "ራስ ላይ ሲከናነቡት ደግሞ ወላጅ የሞተበት ነው እንዲህ የሚያደርገው።"

ባዶ ጠረጴዛ በስንት ጣዕሙ! ለምስኪኑ ሰው አርባ ለቀስተኛ ይዤላቸው መጥቻለሁ። ዋናው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት የሙሽራው አያት፣ ዘጠናን የተሻገሩ ባልቴት፣ እኛን ላለማየት ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከኋላዬ ደግሞ እትዬ ወይንሸት ምንም ሳያውቁ በየጠረጴዛው ላለው ሰው እጅ እየነሱ ነው።

ከዚያ የሙሽራው አጎት ፈገግ ብለው ወደ ሚስተር ሊያንግ ተጠጉ። የተናገሩትን ሜይ በሹክሹክታ ተረጎመችልኝ። "ሚስተር ሊያንግ፣ ፎቅ ላይ ሌላ ድግስ ያለ ይመስለኛል። እነዚህ እንግዶች አዳራሽ ሳይሳሳቱ አልቀሩም። አስተናጋጁ ይሸኛቸው?"

ሌላ ድግስ አልነበረም። ሕንፃው ራሱ ፎቅ የለውም፤ ይህን እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሜይ ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ሰው ከክብሩ ሊወድቅ ሲል ቀስ ብሎ የሚወርድበት ደረጃ ያቀርቡለታል። አጎትየው በክፋት አልነበረም የተናገሩት፤ ትልቅ ውለታ እየዋሉላቸው ነበር። ሚስተር ሊያንግ ራሳቸውን ነቅነቅ ቢያደርጉ በቂ ነው። ሁሉም ያመነ ይመስላል፣ እኛ ወደ ቫናችን እንመለሳለን፣ የሴቷ ወገን ለመቅረቱም የበረራ ነው የቪዛ ነው ሰበብ አይጠፋም። እኔ በበኩሌ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ነቅነቅ ያድርጉና ይገላገሉ ብዬ። እንደምሄድም ለማሳየት ወደ በሩ ዞርኩ።

ሚስተር ሊያንግ ልጃቸውን አዩ። ቀጥለው እኛን አዩ። ከዚያ አዳራሹን አቋርጠው መጡና የእትዬ ወይንሸትን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ያለ ማይክሮፎን፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ጸጥ ያሰኙበት በነበረው ድምፅ በቻይንኛ ተናገሩ። ቀጥለውም እኛ እንድንሰማው በእንግሊዝኛ ደገሙት።

"አዳራሽ አልተሳሳቱም። እኚህ ታላቅ እህቴ ናቸው፤ አብረዋቸው የመጡትም ቤተሰቦቼ ናቸው። በሀገራቸው ነጭ የሚለበሰው ለትልቅ ደስታ ነው። ለልጄ ብለው የክት ልብሳቸውን አውጥተው ለብሰዋል። አስቀድሜ ሳልነግራችሁ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

እትዬ ወይንሸት ከተባለው ሁሉ የያዙት "ሲስተር" የምትለዋን ብቻ ነው፤ እሷ ግን በቅታቸዋለች። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና "እልልልል" አሉ። እኛም ተከተልን። አርባ ሐበሻ በአንድ ጊዜ እልል ሲል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚሆን ያን ዕለት አየሁ፤ አንድ አስተናጋጅ የያዘውን ትሪ ጥሎ ጆሮውን ያዘ። አያትየው ዓይናቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ተነሱ። አጎትየውን ተደግፈው፣ የሻይ ስኒያቸውን ይዘው፣ እግር በእግር እየተራመዱ ወደኛ መጡ። የእትዬ ወይንሸትን ነጠላ ጫፍ ያዙና ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ጥለቱ ደማቅ ቀይ ነበር። አንድ ነገር አሉ፤ ሜይ ተረጎመችልኝ። "ቀይማ አለው፤ እኔ ነኝ ከሩቅ ማየት ያቃተኝ፤ እርጅና ነው" ነው ያሉት።

ስኒያቸውንም ለእትዬ ወይንሸት አነሱ። ለእትዬም ሻይ ተሰጣቸው። አያትየው ሊያጋጩ ስኒያቸውን ዝቅ አደረጉ። እትዬ ወይንሸት የተለማመዷት ናትና ከዚያ በታች ዝቅ አደረጉ። አያትየው ደነቃቸውና ይበልጥ ዝቅ አሉ። እትዬም ወረዱ። ስኒዎቹ ከጠረጴዛው በታች ሲደርሱ ሁለቱ ባልቴቶች እየተያዩ ቁጢጥ አሉ፤ ምንጣፉ ላይ ሲደርሱ እኩል ሆኑ። ከዚያ በታች መሄጃ ስላልነበረ እዚያው አጋጩና ጠጡ። መነሳቱ ግን ሁለቱንም አቃታቸው፤ አጎትየውና እኔ ነን ብብታቸውን ይዘን ያነሳናቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሚስተር ሊያንግ ጀርባቸውን ሰጥተውን ግድግዳውን እያዩ ነበር፤ ትከሻቸው ግን ይነቃነቅ ነበር። አምስቱ ጠረጴዛዎች ሞሉ። ሳንለመን በላን። ዓሣውንም ማንም አልገለበጠም።

ስንመለስ ቫኑ ውስጥ ሚስተር ሊያንግ ያሉትን ሁሉ ስተረጉምላቸው እትዬ ወይንሸት አኮረፉ። "ምን ሆኑ?" ብላቸው "ታላቅ?" አሉኝ። "እኔ እኮ በሁለት ዓመት አንሰዋለሁ። ታናሽ ቢለኝ ምን ነበረበት?"

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያልቅ ነበር። ለሚስተር ሊያንግ ግን ሰው ፊት የተነገረ ነገር እውነት ካልሆነ እውነት መደረግ አለበት። በአዲስ ዓመታቸው ብርቱካን በሁለት እጃቸው ይዘው እትዬ ወይንሸት ቤት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ዓመት አላጎደሉም። እትዬ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ያደረጉ ጊዜ ሆስፒታሉ ውስጥ ከረባታቸውን አስረው ቆመው አገኘኋቸው። ነርሷ "እርስዎ ምናቸው ነዎት?" ስትላቸው "ወንድማቸው" አሉ። ነርሷ ሁለቱንም አፈራርቃ አየቻቸውና ወንበር አመጣችላቸው። እትዬም በበኩላቸው ወንድምነቱን ተቀበሉት፤ ወንድም እንደሚቆጡት ይቆጧቸው ነበር። "ሻርፕህ የታለ? በዚህ ብርድ!" ይሏቸዋል በአማርኛ። እሳቸው በቻይንኛ ይመልሳሉ። ሁለቱም ክርክሩን ያሸነፉ ይመስላቸዋል። ሜይ ላይ ደግሞ ማርካም ውስጥ የጮኸ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

የሞታቸውን ነገር ለእትዬ ወይንሸት ያረዳሁት እኔ ነኝ። ገብተው በራቸውን ዘጉ። በማግስቱ ሜይ የአባቷን ሱፍ ልትወስድ መጥታ ነበርና "አክስትሽን ሳታዪ አትሂጂ" ብዬ ይዣት ሄድኩ። ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለን የጫማውን ክምር አየሁ። የእትዬ ሳሎን ሶፋው ወጥቶ ወንበር ተደርድሯል። ጥቁር የለበሰ ሰው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቷል፤ ምግብ ይዞ የመጣው ሰው ማስቀመጫ አጥቶ ቆሟል። እትዬ ወይንሸት ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጠው "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያሉ ያለቅሳሉ። ሜይ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ዘግይቶ የገባ አንድ ሰው ጎኑ ወዳለው ጠጋ ብሎ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ "ዝምድናቸው በየት በኩል ነው?" አለ።

"በማርካም በኩል" አሉ እትዬ ወይንሸት አፍንጫቸውን እየጠረጉ። ሰውየው ግራ ገብቶት ሲያያቸው ቀጠሉ። "ያን ሁሉ ሰው ፊት እህቴ ናት ብሎኛል። አሁን እኔ ዝም ብዬ ብቀመጥ ውሸታም ላደርገው ነው?"

ሜይ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ካፖርቷን አወለቀች፤ ሰዉን አልፋ ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች። እትዬ ወይንሸት እጇን ይዘው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ቀጥለው የገቡት ሰዎች ከሁለቱ ለሟች የምትቀርበው የትኛዋ እንደሆነች ስላላወቁ "ጌታ ያጽናናችሁ" ያሉት ለሁለቱም ነው።